በኮሌታው ውስጥ ያለው ነጭ ክር

ለአንዱ ሰው የተጸለየ ጸሎት በስህተት ሌላው ሰው ማጅራት ላይ ቢያርፍ፣ ጸሎቱ የማን ይሆናል?

እትዬ ድርብ ይህን መጀመሪያ የጠየቁት ራሳቸውን ነው። ከዚያ መስተዋቱን ጠየቁ፣ ከዚያ ጎረቤታቸውን፣ በመጨረሻም መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ፈጣሪያቸውን። ከአንዳቸውም የሚጨበጥ መልስ አላገኙም። ጎረቤታቸውማ ጭራሽ ነገሩን አባሰችው፤ እሱን እንደርስበታለን።

እትዬ ድርብ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ስፌቱን ሁሉ ሁለቴ ስለሚደርቡት፣ ጥያቄውንም ሁሉ ሁለቴ ስለሚጠይቁት ግን ሰፈሩ «ድርብ» አላቸውና በዚያው ቀረ። «ምሳ በልተሻል? እውነትሽን ነው በልተሻል?» «በሩ ተቆልፏል? እስቲ ሄደሽ እይው።» የልጅ ልጃቸው ሚጣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው ያደገችው። ሚጣ አሁን ከሳቸው በቁመት ትበልጣለች፤ እሳቸው ግን መንገድ ስትሻገር አሁንም ከመስኮቱ ሆነው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ቤቱ ከመንገዱ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ነው። የፊተኛው ክፍል የሥራ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ መሃል ላይ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ጥጉ ላይ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ የካውያ ሳንቃ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት ተሰቅሏል። ከበሩ ጀርባ ደግሞ አንድ ወፍራም ምስማር አለ። ሟቹ ባለቤታቸው ከውጭ ሲገቡ ኮታቸውን የሚሰቅሉት እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ምስማሩ ላይ ምንም አይሰቀልም፤ የደንበኛ ልብስ እንኳ። የደንበኛ ልብስ የራሱ መስቀያ ብረት አለው።

ሟቹ ባለቤታቸው ትተውላቸው ያለፉት ነገር ብዙ አይደለም። የስፌት መኪናው፣ ትልቁ መቀስ፣ ደግሞም ማንም የማያውቀው አንድ ልማድ።

ልማዱ ይህ ነው። የኮት ኮሌታ ሁለት ጨርቅ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በመካከላቸው ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ደረቅ ሸራ ይገባል። ኮሌታው ከመዘጋቱ በፊት ሟቹ ሸራው ላይ፣ ልክ ማጅራቱ መሃል በሚያርፈው በኩል፣ በወፍራም ነጭ ክር ጥቂት ስፌት ይሰፉና መጨረሻው ላይ ይቋጥሩት ነበር። ክሩ ለኮቱ ምንም አይጨምርለትም። ሲሰፉት ግን ልብሱን ለሚለብሰው ሰው ይጸልያሉ። ቋጠሮው አሜን ነው። ከዚያ ኮሌታው ይዘጋል፣ ደንበኛው ይለብሰዋል፣ ሳያውቀው በማጅራቱ ተሸክሞት ይኖራል።

እትዬ ድርብ ገና ሙሽራ ሳሉ «ለምን አንነግራቸውም?» ብለው ነበር።

«ነግረን ምን ልናደርግ? እንዲያመሰግኑን?»

ስምም አይጠሩም ነበር። «ይህን ለብሶ የሚወጣውን» ብቻ ነው የሚሉት። «ስም ከጠራሽ ልብሽ ያዳላል» ይሏቸው ነበር፤ «የምትወጂው ሲሆን ታረዝሚዋለሽ፤ ያናደደሽ ሲሆን ስፌቱ ራሱ ይጣመምብሻል።»

ሟቹ ሲያልፉ መርፌው ወደ እትዬ ድርብ እጅ ተሻገረ። ታመው ሰፍተዋል፣ ልጃቸውን ቀብረው በተመለሱ ሰሞን ሰፍተዋል። ቃሉ ከከንፈራቸው ብቻ የወጣበት፣ ልባቸው ደርቆ እንደ እንጨት የሆነበት ቀን ስንትና ስንት ነው! ብቻ ሰፍተዋል። ከዚያ ቤት ባዶ ኮሌታ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ በልባቸው ትንሽ ይኮሩ ነበር።

ሾፌሩ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ሾፌሩ የሟች ልጃቸው ባል፣ የሚጣ አባት ነው። ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ልጃቸው አልጋ በያዘችበት ሰሞን «ጭነቴን አራግፌ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ልጅቱ በሩን በሩን ስታይ አለፈች። ቀብሯ ላይ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልነበረም። ሚጣ ያኔ የግራና የቀኝ ጫማዋን የማትለይ ሕፃን ነበረች፤ ሁለቱንም ያስተማሯት እትዬ ድርብ ናቸው።

ታዲያ በቅርቡ፣ ሚጣ ከሰዓት በኋላ የልብስ ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ከደረጃው ሥር አንድ ፀጉሩ የነጣ፣ ትከሻው የወረደ ሰው ቆሟል። እትዬ ድርብ መጀመሪያ አላወቁትም። ሲያውቁት ደግሞ ምነው ባላወቅኩት ኖሮ አሉ።

«እማዬ» አለች ሚጣ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሥራ አግኝቷል።»

«ማን?»

«አባቴ ነዋ።»

«ምን ሥራ?»

ሚጣ ወደ ስፌት መኪናው ዞረች። «የሬሳ መኪና ሊነዳ።»

እትዬ ድርብ ይሳቁ ይቆጡ አላወቁም።

«ሚስቱን ሊቀብር ያልመጣ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «የሰው ሚስት ሊቀብር?»

«ጥቁር ኮት የሌለው አይነዳም ብለውታል። አንቺ ትሰፊለታለሽ ብዬዋለሁ።»

«ምን አልሽው?»

«ትሰፊለታለሽ አልኩት።»

«እውነትሽን ነው? እንደዚያ አልሽው?»

ሰውየው ከደረጃው ሥር ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። አልገባም፣ አልሄደምም። «እማማ፣ ካስቸገርኩ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

እያሾፈብኝ ነው? ተጸጽቶ ነው? ወይስ ሌላ ሥራ አጥቶ ነው እንዲሁ? እትዬ ድርብ ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አሰቡ፤ አንዱም አልዋጥ አላቸው። እጃቸው ግን የሰፊ እጅ ነው፤ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርዶ ሊለካ ተነሣ። ጠረጴዛ እንደሚለኩ ለኩት። እጅህን አንሣ፣ ዙር፣ አውርድ። ከዚያ ሌላ አልተናገሩትም። የአንገቱን ልክ ሲያነቡ ደግሞ ጭራሽ ተናደዱ። ከዳይሬክተሩ አንገት ጋር እኩል ሆኖ አረፈው! ምነው፣ አንገቱ እንኳ ከጨዋ ሰው አንገት ጋር እኩል መሆኑ?

ዳይሬክተሩ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ሚጣን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሌ ከበሩ አጠገብ ቆመው ለሽማግሌ ወንበር የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን መንገድ ሊሄዱ ነበርና ጥቁር ኮት አዘው ነበር።

ሟቹ ባለቤታቸው ሁለት ኮት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቆርጠው አያውቁም። «ልብስ እንደ ሰው ነው፤ ሲቀላቀል ይኮርፋል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እትዬ ድርብ ግን ከሾፌሩ ኮት ጋር ብቻቸውን መቀመጥ ፈሩ። ከዳይሬክተሩ ኮት ጋር ከአንድ ጥቅል ቆርጠው፣ አብረው ወስውሰው፣ በእሱ ሰበብ ይህን ሊገላገሉት አሰቡ።

ኮሌታው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የዳይሬክተሩን አነሡ። ነጩን ክር አሾለኩ። «ይህን ለብሶ የሚወጣውን ጠብቀው» ብለው ጀመሩ። ዳይሬክተሩ መንገደኛ መሆናቸው ትዝ አላቸውና አከሉበት፤ «ወጥቶ እንዳይቀር። ከሄደበት መልሰው። ደጁን ክፍት አድርገህ አቆይለት፤ የሚጠብቁትም ፊታቸውን አያጥቁሩበት።» ከብዙ ጊዜ በኋላ ልባቸው ሞላ፤ እንባ ሁሉ ቅርር አለባቸው። ቋጠሩት። አሜን።

ቀጥሎ የሾፌሩን አነሡ። መርፌው ሸራው ጫፍ ደርሶ ቆመ።

«ይህን ለብሶ...» አሉ።

ልጃቸው በሩን ስታይ መጣችባቸው። ሳልጸልይ ክሩን ብሰፋው ውሸት ነው፤ ሳልፈልግ ብጸልይለትም ውሸት ነው፤ ታዲያ ከሁለት ውሸት አንድ ባዶ አይሻልም? ይሻላል? መልሰው መላልሰው ሲያስቡት ቆዩና ነጩን ክር ከመርፌው መዘዙት። ኮሌታውን እንዲሁ ዘጉት። የሱ መሆኑን እንዲለዩ ከላዩ ላይ ባለቀ ሳሙና ስባሪ አንድ መስመር አሠመሩበት፤ ለጥቁር ጨርቅ ከጠመኔ ሳሙና ይሻላል።

ያን ጊዜ ሚጣ ገባች። «ሁለቱንም ስጪኝ፣ ካውያው ሞቋል» አለች። እሳቸው ሰጧትና የጓሮው በር መቆለፉን ሊያዩ ሄዱ። ተቆልፎ ነበር። ደግመው ሊያረጋግጡ ቆሙ። ሲመለሱ ሁለቱ ኮሌታዎች ጠረጴዛው ላይ ተደራርበው፣ ተተኩሰው፣ ጥቁር በጥቁር ሆነው ጠበቋቸው። ሳሙና በእንፋሎት ይጠፋል። ይህ እትዬ ድርብ ጥርስ ሳያወጡ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ጭንቅላታቸው ቤት አልነበረም። የላይኛውን ለዳይሬክተሩ፣ የታችኛውን ለሾፌሩ ገጠሙ።

ሳያውቁት ነው። ኮቶቹ አልቀው፣ ዳይሬክተሩ ጠዋት ሊወስዱ እስኪመጡ ድረስ ምንም አላወቁም።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ አደረጉኝ!» አሉ ዳይሬክተሩ መስተዋቱ ፊት ሆነው። «እንደዚህ ሆኜ ስብሰባ ብገባ ማን ይሰማኛል? ሁሉም ኮቴን ነው የሚያየው።»

«ኧረ እርስዎ ምን ቢለብሱ ያምርብዎታል» አሉ እትዬ ድርብና እጃቸውን በኮሌታው ሥር ሰደዱ። ሁሌ የሚያደርጉት ነው። ልብሱ ከመውጣቱ በፊት ጣታቸው ቋጠሮዋን ፈልጎ ያገኛታል፤ ደህና ሁኚ እንደማለት ነው።

የለችም።

ጣታቸው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ኮሌታው ልስልስ ያለ ነው።

«ምነው እትዬ? ጠበበኝ እንዴ?»

«አይ፣ አይ... እስቲ ለአፍታ ያውልቁልኝ። አንዲት ነገር...»

ውጭ መኪና ጮኸ። «እኔን ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ ሌሎቹ ሁሉ ተሳፍረዋል» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሳሙ፣ አመሰገኑ፣ ወጡ። እትዬ ድርብ እጃቸው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ወደ ብረቱ ሮጡ፣ ሩጫ ከተባለ። የሾፌሩን ኮት ኮሌታ በሁለት ጣታቸው ጨመቁት። እዚያ አለች። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ እንደ ምስር ፍሬ።

በሞትኩት! አሉ።

ደጉን ሰው ባዶ ኮሌታ አልብሰው መንገድ ሰደዱት። ያን ሁሉ ጸሎት ደግሞ ሊጸልዩለት እንቢ ላሉት ሰው ሰፍተው ሰቀሉለት። ለዳይሬክተሩ እዚያው ቆመው ሊጸልዩ ሞከሩ፤ ጀመሩትም፤ ግን ያለ ክር መጸለይ እጃቸው አላወቀበትም። ጣቶቻቸው መርፌ ሲፈልጉ ቃሉ ከመሃል ጠፋባቸው። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጠፋ። ዳይሬክተሩ ሲመለሱ ቁልፉን ላጥብቅልዎ ብዬ ኮቱን እወስደዋለሁ፣ ኮሌታውን ፈትቼ እሰፋዋለሁ አሉ። እስከዚያስ? እስከዚያ ሰውየው በምን ይሄዳል? እግዜር ያለ ክር አይጠብቅም እንዴ? እሱማ ይጠብቃል። ታዲያ ክሩ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ጎረቤታቸው የገባችው ያን ጊዜ ነው። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ ሻይ አብሯት መጠጣት ይበቃል። እድሜያቸው እኩል ነው። የቀሚሴን ጫፍ ላሳጥር ብላ መጥታ የካውያ ሳንቃው ላይ ተደገፈች።

«ፊትሽ ምን ሆነ? ሰው ሞተ?»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። እኮ አንቺ።»

ሬዲዮ ቅር አላት፤ ግን ጆሮዋ ቀድሞ ቀርቦ ነበር።

«አንዲት ሴት አለች...»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ አይደለሁም!»

«እሺ። አንቺ ያልሆንሽው ሴትዮ ምን ሆነች?»

«ለአንድ ደግ ሰው ጸለየች። ጸሎቱ ግን ተሳስቶ ሌላ ሰው ዘንድ ሄደ። ክፉ ሰው ዘንድ።»

«እንዴት ይሳሳታል? በመርከብ የተላከ ዕቃ ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተሳሳተ በይ።»

«ተሳሳተ። ታዲያ ምን ልታደርግ ነው ሴትዮዋ? ለእግዜር ደውላ፣ ይቅርታ ቁጥር ተሳስቼ ነው ልትለው?» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። እትዬ ድርብ አልሳቁም። ሬዲዮ አየቻቸውና ድምጿን ቀነሰች። «ምን ብለሽ ነበር የጸለይሽው?»

ሴትዮዋ ማናት የሚለው ነገር በዚሁ አበቃ።

«ወጥቶ አይቅር አልኩ። መልሰው አልኩ። ደጁን ክፍት አድርገህ አቆይለት፣ የሚጠብቁትም ፊታቸውን አያጥቁሩበት አልኩ።»

«ለማን ብለሽ?»

«ለዳይሬክተሩ ነዋ!»

«አሁን የሚለብሰውስ?»

እትዬ ድርብ በአገጫቸው ጥቁሩን ኮት አሳዩዋት። ሬዲዮ ሚጣ ማንን እንዳመጣች ከማንም በፊት ታውቃለችና ማን ብላ አልጠየቀችም። ኮቱን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቤቱ በር ዞረች።

«ድርቤ» አለች፣ «የዚያ ሰውዬ ደጁ የት ነው?»

ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሳትጠብቅ፣ ቀሚሷንም ሳታሳጥር ሄደች።

እትዬ ድርብ ኮቱን ከብረቱ አወረዱት። ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኙት። ትንሿን መቀስ አነሡ። ብዙ ሥራ የለውም፤ ከታችኛው ጨርቅ አንድ ጣት የሚያህል ስፌት መተርተር፣ ነጯን ክር በጫፏ ጎትቶ ማውጣት፣ መልሶ መዝጋት። ማንም አያውቅም። መቀሱን አስጠጉ። ክሩን ካወጣሁት ጸሎቱም ይወጣል? ወይስ ጸሎቱ ሄዷል፣ የቀረው ክር ብቻ ነው? ጸሎቱን ለመመለስ ደግሞ ሌላ ጸሎት ያስፈልጋል፤ ምን ብዬ? አትመልሰው፣ ደጁን ዝጋበት ብዬ? በዚህ አፌ?

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሚጣ ነበረች። ከኋላቸው መቼ እንደገባች አልሰሙም።

እትዬ ድርብ መዋሸት አይሆንላቸውም፤ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል። ነገሯት። ሳሙናውን፣ ካውያውን፣ የዳይሬክተሩን ልስልስ ኮሌታ። ሚጣ ስለ ክሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ በዓለም ላይ ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። እስኪጨርሱ ሰማች። ከዚያ እትዬ ድርብ የፈሩትን ነገር መዝዛ አወጣችው።

«ስለዚህ ባዶውን ልትሰጪው ነበር።»

«ላለመዋሸት ብዬ ነው።»

«ባዶውን።»

«ሚጣዬ፣ እናትሽ እኮ...»

«እናቴን አውቃለሁ እማዬ። በሩን በሩን ስታይ። አውቃለሁ።» ሚጣ የካውያውን ገመድ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «እኔም እኮ ይቅር አላልኩትም።»

እትዬ ድርብ መቀሱን አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«አልቻልኩም። አብሬው ሻይ እጠጣለሁ፣ ይስቃል፣ እስቃለሁ፣ ስመለስ መንገድ ላይ አለቅሳለሁ። አባዬ ስለው ራሱ የሰው ልብስ የለበስኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽብኝ? ለምን?»

«አንቺ ትችያለሽ ብዬ ነዋ።» ሚጣ ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «ለሁሉም ትሰፊያለሽ አይደል? ለዚያ ለሚሳደበው ሥጋ ሻጭ ሰፍተሻል። መስኮታችንን ለሰበረው ሰውዬ ሰፍተሻል። እኔ ባልችል፣ ቢያንስ የእማዬ ጸሎት ማጅራቱ ላይ አለ፣ ለኔም ትንሽ ይበቃኛል ብዬ ነው።»

እትዬ ድርብ እስካሁን ሚጣን ከሰውየው የሚጠብቋት መስሏቸው ነበር። እሷ ለካ በእሳቸው ጥላ ሥር ቆማ ኖሯል፣ ያውም ባዶውን ኮሌታ ሲዘጉ። ልታቀፍ ይሆን ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሚጣ ወደ ካውያው ዞረች። እጃቸውን መለሱት።

በሩ ተንኳኳ። አንዴ መታ፣ አንዴ ተወት የሚያደርግ፣ የሚፈራ ሰው ማንኳኳት ነው።

«ግባ» አሉ እትዬ ድርብ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ አንዴም አልጠየቁም። ይህን በኋላ ራሳቸውም ታዘቡት።

ሾፌሩ ጫማውን ደረጃው ላይ አራግፎ ገባ። አሮጌ ቡኒ ኮት ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ ገበሩ ይታያል፣ አንዱ ኪስ በእጅ ተሰፍቷል፣ ያውም በሰማያዊ ክር። ወንድ ልጅ የሰፋው ስፌት! አሉ እትዬ ድርብ በልባቸው፤ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው።

«ለነገ ፈልገውኛል» አለ። «ነገ የመጀመሪያዬ ነው።»

«የማን ቀብር ነው?» አለች ሚጣ።

«የአንዲት ወጣት። ባሏ... ባሏ አብሮኝ ጋቢና ይቀመጣል አሉኝ።» ወለሉን እያየ ነበር። «ምን እንደምለው አላውቅም።»

እትዬ ድርብ ጥቁሩን ኮት ከጠረጴዛው አነሡ፤ ትንሿ መቀስ ወደ ሽርጣቸው ኪስ ገባች። ሾፌሩ አሮጌውን አውልቆ ወንበር ላይ አደረገና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ አለበሱት። ትከሻው ልክ ነው። እጅጌው ልክ ነው። የሰፊ ነገር ሆኖ፣ ልክ ሲሆን ልባቸው ደስ ይለዋል፤ ደስ አለው፤ በዚህም ተናደዱ።

ወደ መስተዋቱ አዞሩት። ከኋላው ቆመው ጣታቸውን በኮሌታው ሥር ሰደዱ። ቋጠሮዋ እዚያው ናት።

መቀሱ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ትርፍ ክር ልቁረጥልህ ቢሉት ማን ያውቃል? በሽርጣቸው ኪስ የብረቱ ቅዝቃዜ ይሰማቸዋል። በመስተዋቱ ውስጥ ሚጣ ታየቻቸው፤ ካውያውን እንደያዘች፣ የሚተኮስ ነገር ሳይኖር፣ እጃቸውን ነው የምታየው። ልጃቸው ትዝ አለቻቸው። በሩን የምታየው መጥቶ እንዲገባ ነበር ወይስ አለመምጣቱን እንድታረጋግጥ? ይህን ጥያቄ እስከዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀውት አያውቁም፤ አሁን ከየት መጣ? እግዚአብሔር ሆይ፣ አሉ በልባቸው፣ እኔ እኮ ለሱ አላልኩም፤ አንተም ታውቃለህ አላልኩም። ለማን እንደሰጠኸው ደግሞ አልነገርከኝም። እኔ ምን ልበል አሁን?

ማጅራቱ ሞቃት ነበር፤ የማንኛውም ሰው ማጅራት።

«ክር ወጥቷል?» አለ ሾፌሩ።

«ቀና በል» አሉት።

ቀና አለ። ኮሌታውን አስተካከሉለት፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግመው። ቋጠሮዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አሏትና እጃቸውን አነሡ።

ሰውየው ዞሮ አሮጌውን ቡኒ ኮት ከወንበሩ ሊያነሣ ሲል፣ እጃቸው ቀደመው። ለምን እንደቀደመው እሳቸውም አያውቁም። ኮቱን ያዙ፤ ሰማያዊውን ስፌት ገልብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ስፌት ነው?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«ያስታውቃል። ተወው። ክርኑንም እደርብልሃለሁ።» ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባቸው። ልብሱን የተወ ሰው ሊወስድ ይመለሳል። መመለስ ማለት ነው። «እሑድ...» አሉ፤ ቆሙ። «እሑድ ሥራ የለንም። ሰኞ። ሰኞ ና። ትመጣለህ? እውነት ትመጣለህ?»

ሁለቴ ጠየቁት። ሚጣ የካውያውን መያዣ ጭብጥ አድርጋ ቀረች፤ እማዬ ሁለቴ የምትጠይቀው የምትሳሳለትን ሰው እንደሆነ ታውቃለችና።

እትዬ ድርብ አሮጌውን ኮት የት እንደሚያስቀምጡት ዞር ዞር አሉ። ጠረጴዛው በቁርጥራጭ ተይዟል። ብረቱ ራቃቸው። ከበሩ ጀርባ ያለው ምስማር ቅርብ ነበረ፤ ሰቀሉት። ከሰቀሉት በኋላ ደነገጡ፤ ሊያወርዱት እጃቸውን አነሡ፤ ደግሞ ተዉት። ይቅርታ ነው ይሄ? አይመስላቸውም። ልባቸው እንደ ጠዋቱ ነው፤ ደረቅ፣ የተቆጣ፣ ግራ የገባው። ብቻ ኮቱ የተቀደደ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሰፊ ናቸው።

ሾፌሩ ምስማሩን አየ። በዚህ ቤት አማች ሆኖ የኖረ ነውና ምስማሩ የማን እንደነበር ያውቀዋል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ድርብ ጠበቁ፤ ሚጣም ጠበቀች። የሚመጣውን ቃል ቢፈሩትም ፈለጉት፤ ቢፈልጉትም ፈሩት።

እሱ ግን በእጁ ማጅራቱን ነካ፤ አንዳች ነገር የቆረቆረው ይመስል፣ ኮሌታውን ዳበስ አደረገ። ከዚያ በሩን ከፍቶ፣ ደረጃዋን ወርዶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።